ባህር ዳር ላይ የባህር ውሃ አኳሪየም፦ አሸዋውን ከነቀለሙ እንዴት እንምረጥ?

የባህር ዓሣ ቤቱ ለማስገባት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቀለም ይጀምራል። ነጭ አሸዋ ይሻላል ወይስ ጥቁር? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አሸዋው በየቀኑ ዓይናችን የሚያርፍበት ነገር ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ማውጣቱ ጣጣ አለው። ቢሆንም ቀለም የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ማን እንደሚኖር፣ አሸዋው ምን ዓይነት ማዕድን እንደሆነ፣ ቅንጣቱ ምን ያህል እንደሚሆንና ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ ይወሰናል። ይህ ካለቀ የቀሩት ቀለሞች ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ያኔ እንደ ልባችሁ ምረጡ።

ከተማችንም የራሷ ጠባይ አላት። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣና ጨው የሌለው ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውም የእሳተ ገሞራ አለት ነው። መብራት ይጠፋል። የባህር አሸዋ ከሩቅ፣ በኪሎ ተቆጥሮ ነው የሚመጣው። ባህር አጠገብ የሚኖር ሰው የሚሰጠውን ምክር እንዳለ ብንወስደው አንዳንዱ እዚህ አይሠራም።

1. መጀመሪያ ነዋሪውን ወስኑ

ክላውንፊሽ፣ ዳምሰል፣ ካርዲናል የመሳሰሉት መሃል ውሃ ላይ የሚዋኙ ናቸው። ከታች ምን እንዳለ ግድ የላቸውም። ለእነሱ ከሆነ ምርጫችሁ ሰፊ ነው።

አሸዋ ውስጥ የሚኖሩት ግን ይለያሉ። ሬስ ከሚባሉት ዓሦች ብዙዎቹ ማታ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ያድራሉ። ደቃቅና ለስላሳ አሸዋ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋሉ። አሸዋ አጣሪ ጎቢ ደግሞ አሸዋውን ጎርሶ ምግቡን ካጣራ በኋላ በስንጥቡ በኩል ያወጣዋል። ሻካራ ጠጠር ካገኘ አፉም ስንጥቡም ይቆስላል። ጆፊሽ ዋሻ የሚቆፍር ዓሣ ነው፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ ደቃቁም ጠጠሩም የዛጎል ስብርባሪውም የተቀላቀለበት ወለል ካላገኘ ዋሻው ይናድበታል።

ለመጀመሪያ አኳሪየም ጆፊሹን ተዉት። ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ትንሽ ጎቢ በቂ ደስታ ይሰጣሉ። ሬስ ካልያዝን ያላችሁ ደግሞ ሙሉውን ወለል ማጥለቅ የለባችሁም። አንድ ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳጥን አኳሪየሙ ውስጥ ከምትደረድሩት ድንጋይ ጀርባ አስቀምጡና ደቃቅ አሸዋ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሙሉበት። ዓሣው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ማታ እዚያ ይገባል። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ኪሎ አሸዋ ያድናል፣ ለማጽዳትም ይቀላል።

2. ማዕድኑ ምንድን ነው?

ለባህር ውሃ አኳሪየም ቀዳሚው ምርጫ አራጎናይት የሚባለው አሸዋ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከኮራልና ከዛጎል ስብርባሪ፣ አንዳንዱም በቀጥታ ከባህር ውሃ ውስጥ ተጣርቶ የተፈጠረ ነው። የባህር ዓሦች የለመዱት ወለል እሱ ነው።

ስለ አራጎናይት አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ «ፒኤቹን ራሱ ይጠብቅላችኋል» ይባላል። ፒኤች የውሃው አሲዳማነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የባህር አኳሪየም ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 እንዲሆን እንፈልጋለን። አራጎናይት ደግሞ በደንብ መሟሟት የሚጀምረው ፒኤቹ ወደ 7.7 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ውሃው በጣም እንዳይወርድ ይደግፋል እንጂ 8.2 ላይ አያቆመውም። አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ እየለካችሁ ከ8 እስከ 11 ዲኬኤች (መለኪያው ነው) ባለው ክልል ውስጥ ማቆየት የእናንተ ሥራ ነው።

ሌላው ጥቅሙ ብዙም አይወራለትም፤ አራጎናይት ለስላሳ ማዕድን ነው። በጥንካሬ መለኪያ ከ3.5 እስከ 4 ላይ ነው። መስታወት 5.5 አካባቢ፣ ኳርትዝ 7 ነው። የመስታወት ማጽጃው ማግኔት ሥር አንዲት የኳርትዝ ቅንጣት ከገባች መስታወቱን ትጭረዋለች። ጭረቱ አይጠፋም። የአራጎናይት ቅንጣት ግን መስታወት አትጭርም። አኳሪየማችሁ ከአክሪሊክ የተሠራ ከሆነ ግን እሱም ስለሚጭር ከሁለቱም ተጠንቀቁ።

አራጎናይት ካልተገኘ ሁለተኛው ምርጫ ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚያገለግለው የኳርትዝ አሸዋ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች መዋኛ ያላቸው ይህን ዓይነት አሸዋ ስለሚጠቀሙበት ከየት እንደሚያስመጡት መጠየቅ ይቻላል። የታጠበና ቅንጣቱ የተመጠነ ነው፤ ቀለሙም ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ነው። «ሲሊካ ስለሆነ አልጌ ያበዛል» ይባላል። ኳርትዝ ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ነው፤ ይህን ያህል ልትፈሩት አይገባም። ፒኤችን በመደገፍ በኩል ግን አይጠቅምም፤ መስታወት መጫሩንም አትርሱ።

ለቴራዞ ወለል የሚፈጨው የእብነ በረድ ጠጠርስ? እብነ በረድም ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከአራጎናይት ያነሰ ይሟሟል እንጂ ለውሃው ጠንቅ አይደለም። ችግሩ ቅርጹ ነው። በማሽን የተሰበረ ስለሆነ ጠርዙ ስለት ነው። አሸዋ ውስጥ የሚገባ ወይም የሚጎርስ ዓሣ ካለ አይሆንም። ለክላውንፊሽ ብቻ ከሆነ ይሠራል።

ቀይ አሽ ግን አታስገቡ። ስለታምም ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳም ነው። የምግብ ትርፍ በየቀዳዳው ተሰንቅሮ ይበሰብሳል።

3. የጣናን አሸዋ ብንጠቀምስ?

ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ሐይቁ ደጃችን ነው፤ ከርብና ከጉማራ በኩል የሚመጣው የወንዝ አሸዋም ለግንባታ በየቦታው ተቆልሎ ይታያል። ጥቁር አሸዋ ለሚፈልግ ሰው ዓይን ይስባል።

እኔ ለባህር አኳሪየም አልመክረውም። ምክንያቱ ጥቁርነቱ አይደለም። በባዛልት አሸዋ የሚሠሩ የባህር አኳሪየሞች አሉ፤ ዓሦቹም ደህና ናቸው። የእኛ አሸዋ ችግር አብረውት ያሉት ነገሮች ናቸው። ርብም ጉማራም ከጉና ተራራ የሚነሱ ናቸው፤ በባዛልት አገር አልፈው፣ የእርሻ አፈር ጠርገው ነው የሚመጡት። የከተማው ዳርቻ ደግሞ የቤትና የመንገድ ፍሳሽ ይደርሰዋል። አሸዋው ውስጥ ሸክላማ ጭቃና ብረት አዘል ቅንጣት አለ።

በዚያ ላይ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። አሸዋ ለመዛቅ ባዶ እግርን ደንገሉ ሥር መግባት ለአኳሪየም ብሎ በሽታ መሸመት ነው። ልጆች እንዲያመጡላችሁም አትላኩ።

ከየትም ያገኛችሁትን፣ በከረጢት ገዝታችሁ ያመጣችሁትንም ጭምር፣ ቤት ውስጥ መፈተን ትችላላችሁ። ሦስት ፈተናዎች አሉ፤ ውድ ዕቃ አይፈልጉም።

አንደኛው የአቼቶ ፈተና ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና አቼቶ አፍስሱበት። አረፋ እየሠራ ከተንፈቀፈቀ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት። ዝም ካለ ባዛልት ወይም ኳርትዝ ነው። እዚህ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የሐይቅ አሸዋ ውስጥ ደቃቅ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ስላሉ አንዳንድ ጊዜ አረፋው ከእነሱ ብቻ ይነሳል። ከሁሉም ቅንጣት ላይ እየተነሳ ነው ወይስ ከአራት አምስት ነጭ ፍንካች? አራጎናይት ከሆነ ሁሉም ይፈላል። እብነ በረድ ቀስ እያለ ነው የሚፈላው።

ሁለተኛው የማግኔት ፈተና ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልሉና ደረቁ አሸዋ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። የባዛልት አሸዋ ከሆነ ፌስታሉ ላይ ጥቁር ጸጉር መሳይ ነገር ቆሞ ታያላችሁ። ማግኔታይት ነው፤ የብረት ማዕድን። ማግኔቱን ከፌስታሉ ስታወጡ ሁሉም ይረግፋል። አኳሪየም ውስጥ ግን የሚያረግፈው የለም። መስታወት ማጽጃው ማግኔት ላይ ይለጠፋል፤ የፓምፑም ሮተር (የሚሽከረከረው ክፍሉ) ማግኔት ስለሆነ እዚያ ገብቶ ይፈጨዋል። ከውጭ የመጣ ጥቁር አሸዋም ይህን ፈተና ማለፍ አለበት።

ሦስተኛው የጭቃ ፈተና ነው። ባዶ ሃይላንድ ሲሶውን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሙሉትና በደንብ ናጡት። አንድ ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ወርዶ ውሃው ከጠራ ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ጣት የሚያህል የጭቃ ንጣፍ ከተኛ ወይም ውሃው ቡናማ እንደሆነ ከቀረ ተዉት።

የጣና አሸዋ የሚያምረው ለጣና ዓሣ ነው። በደንብ ታጥቦ፣ ማግኔቱም ተለቅሞ፣ ትንሽ ቀረሶ ላለበት የጨው አልባ ውሃ አኳሪየም ደስ የሚል ወለል ይሆናል።

አሸዋውን ካነሳን ጨውንም በአጭሩ እናንሳ። ገበያ ላይ ያለው የአፍዴራ ጨው የባህር ውሃ አይሠራም። በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ካርቦኔቱ በሚፈለገው መጠን የለም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባህር ጨው ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል፤ ከዚያ ስፔስፊክ ግራቪቲው (ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) ከ1.024 እስከ 1.026 መሆኑን ሪፍራክቶሜትር በሚባል የጨው መለኪያ ታረጋግጣላችሁ።

4. የቅንጣቱ መጠን

ለእኛ ቤት ተስማሚው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። ትንሹ ቅንጣት ከጤፍ ፍሬ ጋር እኩል፣ ትልቁ የሁለት ጤፍ ያህል ነው። ይህን ያህል ሲሆን ፓምፕ በቀላሉ አያነሳውም፣ ጎቢም ይጎርሰዋል፣ ቆሻሻ በሚመጠጥበት ጎማ ሲጸዳም አብሮ አይሄድም።

ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰው እንደ ዱቄት ይቦናል። ጠንካራ ፓምፕ ካለ አንዱ ጥግ ላይ ተቆልሎ ሌላው ጋ መስታወቱ ራቁቱን ይቀራል። ኮራል ላይ ካረፈም ኮራሉን ያፍነዋል። ሬስ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ተጠቀሙበት።

ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው የኮራል ጠጠር ደግሞ ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን የምግብ ትርፍና ኩስ በየመሃሉ ይገባል፤ ከቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ይጨምራል። በየሳምንቱ አጸዳለሁ የሚል ሰው ብቻ ይሞክረው።

5. ጥልቀቱ፣ ኦክስጅኑና ኪሎው

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ከፍታችን ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ነው።

አሸዋ ጥልቅ ሲሆን ከታች ኦክስጅን የሌለበት ንጣፍ ይፈጠራል። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይራሉ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አሸዋ የሚያነጥፉ ሰዎች ይህን ፈልገው ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ቆሻሻ ከተጠራቀመበት ግን ያው ንጣፍ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያመርታል፤ ሽታው የገማ እንቁላል ነው።

አሁን ከፍታውን ጨምሩበት። በባህር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴልሲየስ የሆነ የባህር ውሃ በሊትር እስከ 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ባህር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ያው ውሃ መያዝ የሚችለው 5.4 አካባቢ ነው። ዓሦቹ ገና ከጅምሩ በትንሽ ኦክስጅን ነው የሚኖሩት። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ አሸዋው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች መተንፈሳቸውን አያቆሙም፤ ከዓሦቹ ጋር ይሻማሉ። አሸዋው በበዛና በቆሸሸ ቁጥር ሽሚያው ይከፋል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አንጥፉ። ከዚያ አትለፉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ከአሸዋው በፊት ግዙ። የውሃ ፓምፑን አፍ ወደ ላይ፣ የውሃው ገጽ እንዲናወጥ አድርጋችሁ አዙሩት። አሸዋውም አይበተንም፣ ኦክስጅንም ይገባል።

ኪሎውን ለማወቅ የአኳሪየሙን ርዝመት፣ ስፋትና የምትፈልጉትን የአሸዋ ጥልቀት በሴንቲ ሜትር አባዙ። ለ1,000 አካፍሉት፤ ሊትር ይሆናል። በ1.5 አባዙት፤ ደረቅ አራጎናይት በኪሎ ግራም ገደማውን ይሰጣችኋል።

አኳሪየማችሁ 90 በ45 ቢሆንና 4 ሴንቲ ሜትር ብትፈልጉ 90 በ45 በ4 ሲባዛ 16,200 ነው። 16.2 ሊትር ማለት ነው፤ በ1.5 ሲባዛ 24 ኪሎ ገደማ። 3 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት 18 ኪሎ ይበቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አሸዋው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ከሆነ የሚገባው፣ 24 ኪሎው 23 ኪሎ የሚፈቀድለትን ሻንጣ አልፎ ይሄዳል። 18 ኪሎው ግን ገብቶ ለዘመዳችሁም ትንሽ ቦታ ይተርፈዋል። 60 በ30 የሆነ ትንሽ አኳሪየም ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ለማንጠፍ 8 ኪሎ ይበቃል።

የሚመጣው አሸዋ ከሱቅ የተገዛ፣ የታሸገ ይሁን። ዘመዳችሁን «ከባህሩ ዳር ትንሽ ዝቀህ አምጣልኝ» አትበሉት። በብዙ አገሮች ከባህር ዳርቻ አሸዋና ኮራል ማንሳት በሕግ የተከለከለ ነው። «ሕያው አሸዋ» ተብሎ ከነባክቴሪያው እርጥብ እንደሆነ የሚሸጠውንም አትፈልጉ። ውሃው ራሱ ክብደት ነው፤ ረጅም መንገድ ላይም በሙቀት ብዙው ባክቴሪያ ይሞታል። ደረቁን አምጡ። ባክቴሪያው እዚሁ ይራባል።

6. አሁን ወደ ቀለሙ

ነጭ አሸዋ ብርሃን ያንጸባርቃል። አኳሪየሙ ሰፊና ብሩህ ይመስላል፤ ከሥር ያለውም የኮራል ክፍል ትንሽ ብርሃን ያገኛል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ግን ነጭ ነገር ላይ ሁሉም ይታያል። ቡናማ አልጌ፣ ኩስ፣ የምግብ ፍርፋሪ። ብዙ ዓሦች ደግሞ ነጭ ወለል ላይ ራሳቸውን ለመደበቅ ቀለማቸውን ያደበዝዛሉ። የእኛ ሳሎን ፀሐይ በደንብ የሚገባበት ከሆነ ነጩ ያንጸባርቅና ዓይን ይወጋል፤ አልጌውም ይበረታል።

ጥቁር አሸዋ የዓሣን ቀለም ያወጣል። የክላውንፊሽ ብርቱካንማ፣ የዳምሰል ሰማያዊ፣ የቢጫ ታንግ ቢጫ ጥቁር ላይ ይነዳል። ዓሦቹም ጠቆር ያለ ወለል ላይ የበለጠ ይደምቃሉ፤ ብዙዎቹም የሚረጋጉ ይመስለኛል። ጉዳቱ አኳሪየሙ ጨለም ማለቱ ነው። «ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም» የሚባለውም ትክክል አይደለም። ነጭ ፍርፋሪ፣ የዛጎል ስብርባሪ፣ ከድንጋዩ የሚራገፈው ነጭ ብናኝ ሁሉ ጥቁር ላይ ይጎላል። ከረጢቱ ላይ አራጎናይት መሆኑ ካልተጻፈ ባዛልት ወይም ቀለም የተቀባ ነው ብላችሁ ገምቱ። አቼቶውና ማግኔቱ ይነግሯችኋል።

ክሬም ወይም ድብልቅ የሚባለው ነጭ፣ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት፣ አልፎ አልፎም ሮዝና ጠይም ቅንጣት ያለበት ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ያለ ማመንታት። እውነተኛ የኮራል ባህር ወለል የሚመስለው እሱ ነው። ቀለሙ የተዘበራረቀ ስለሆነ የአንድ ሳምንት ቆሻሻ ፊት ለፊት አይጮህም። የዓሦቹም ቀለም አይደበዝዝም። ከጥቂት ወራት በኋላ ነጩም አሸዋ ቢሆን ወደዚህ ቀለም መሄዱ ስለማይቀር ከመጀመሪያው በሱ መጀመር ይሻላል።

በፋብሪካ የተቀባ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ደማቅ ሮዝ ጠጠር ለባህር ውሃ አትግዙ። የተጠራጠራችሁትን ነጭ ሰሃን ላይ ለብ ባለ ጨው ውሃ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፉት። ውሃው ትንሽ እንኳ ቀለም ከያዘ አይገባም።

ከመወሰናችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ደረቅ አሸዋ ሁልጊዜ ከእርጥቡ የነጣ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያያችሁት ቀለም ቤት አይደገምም። ከየዓይነቱ ሁለት ጣት ያህል በብርጭቆ አድርጉና ውሃ ጨምሩበት። ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍታችሁ የአኳሪየሙን መብራት ብቻ ከላይ አብሩበት። ሰማያዊ ኤልኢዲ ካለው ነጩ አሸዋ ሰማያዊ ሆኖ ታያላችሁ፤ ክሬሙ ወደ ነጭ ይጠጋል፤ ጥቁሩ ያው ነው። ከዚያ ቁራጭ የብርቱካን ልጣጭ በየብርጭቆው አሸዋ ላይ ጣል አድርጉ። ክላውንፊሹ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። ቀን ላይ ደግሞ መስኮቱ ተከፍቶ እዩት። ሁለቱንም ሰዓት የወደዳችሁትን ውሰዱ።

7. ማጠብና ማስገባት

ደረቅ አሸዋ ይታጠባል። ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ እየከፈላችሁ ባልዲ ውስጥ አድርጉ፤ ጎማውን እስከ ታች አስገብታችሁ በእጃችሁ እያማሰላችሁ ውሃውን ድፉ። እስኪጠራ ደጋግሙ። ደቃቅ አራጎናይት ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ እጃችሁን ከባልዲው ታች ማየት ከቻላችሁ በቂ ነው። የመጨረሻውን እጣቢ በተጣራ ውሃ አድርጉት። ሳሙና፣ በረኪና በፍጹም አይነካውም። ነጩን እጣቢ ሲንክ ውስጥ አትድፉት፤ ቱቦ ይደፍናል። ግቢ ላይ ድፉት።

ድንጋዩ ከአሸዋው በፊት ይገባል። በቀጥታ መስታወቱ ላይ ወይም ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ይቀመጥ። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ጎቢ ወይም ሽሪምፕ ሥሩን ሲቆፍር ይናዳል፤ መስታወቱንም ሊሰብር ይችላል።

ድንጋዩ ከቆመ በኋላ አሸዋውን በዙሪያው አንጥፉ። ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ትንሽ ከፍ ቢል ለዓይን ጥልቀት ይሰጣል። ፌስታል ዘርጉበትና ላዩ ላይ ሰሃን አስቀምጡ፤ የተዘጋጀውን የጨው ውሃ ሰሃኑ ላይ ቀስ እያላችሁ ቅዱ። ውሃ ያለበት አኳሪየም ላይ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ ፓምፑን አጥፉና በወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ በኩል ወደ ታች አውርዱት።

ውሃው ወተት ይመስላል። አትደንግጡ። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይወርዳል። ማጣሪያው ላይ ንጹሕ ጥጥ አድርጉና በየቀኑ ቀይሩት።

8. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ዓሣ ወዲያው አይገባም። ከኩስና ከምግብ ትርፍ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሸዋውና ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያም፣ ከአሞኒያ የሚፈጠረው ናይትራይትም ሲለኩ 0 ካላሳዩ ጠብቁ።

በዚህ መሃል አሸዋው ቡናማ አቧራ ይለብሳል። ዳያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አሸዋው ተበላሸ» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ያሳዝናል። ዳያቶም በውሃው ውስጥ ያለውን ሲሊካ ተጠቅሞ ነው የሚያድገው። በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ያለፈ ውሃ ደግሞ ሲሊካ ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። በቧንቧ ውሃ ከጀመራችሁ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ ከሆነ ሲሊካው ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል። አሸዋውን አትንኩት።

ቀይ፣ ዝልግልግ ያለ፣ እንደ ጨርቅ የሚነሳ ሽፋን ከመጣ ግን ሌላ ነው፤ ሳያኖባክቴሪያ ይባላል። በጎማ ምጠጡት፣ ምግብ ቀንሱ፣ ውሃው የማይንቀሳቀስበት ጥግ ካለ ፓምፑን ወደዚያ አዙሩ።

9. በየሳምንቱ

ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር የአሸዋውን ሩብ ብቻ በጎማ አጽዱ፤ በቀጣዩ ሌላውን ሩብ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካገላበጣችሁት ባክቴሪያው ይረበሻል፣ የተቀበረውም ቆሻሻ ውሃው ላይ ይበተናል። ናሳሪየስ የሚባሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች አሸዋው ውስጥ ገብተው ትርፍ ምግብ ስለሚበሉ ጥቂቶቹን ብትይዙ ያግዟችኋል። አሸዋ አጣሪ ኮከብ ዓሣ ግን ለትንሽ አኳሪየም አትግዙ። አሸዋው ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ሕይወት በልቶ ሲጨርስ በረሃብ ይሞታል።

አሸዋው እየተጋገረ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ካልሲየም ወይም አልካሊኒቲ በብዛት ወይም በፍጥነት ጨምራችኋል ማለት ነው። የተጋገረውን በእጅ ሰብራችሁ አውጡ፤ መጠኑንም ቀንሱ።

ጥቁር ቦታ ከታየና የገማ እንቁላል ከሸተተ አታማስሉት። ቦታው ትንሽ ከሆነ ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ ከነአሸዋው ምጠጡና አውጡት። ሰፊ ከሆነ ዓሦቹን መጀመሪያ ከራሱ ከአኳሪየሙ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አየር እየሰጣችሁ አቆዩዋቸው።

10. ቀለሙን በኋላ መቀየር ከፈለጋችሁ

ይቻላል፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን በወፍራም ጎማ የአሮጌውን አሸዋ አንድ ስድስተኛ ያህል ከውሃው ጋር ምጠጡ። ባዶ የቀረውን ቦታ ለሳምንት ተዉት፤ አሞኒያ ለኩ። 0 ከሆነ በዚያው ቦታ የታጠበ አዲሱን አሸዋ በቱቦ አውርዱና ቀጣዩን ክፍል ምጠጡ። ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን ሆነው ለጥቂት ሳምንታት አያምሩም፤ ቅንጣታቸውም ድንበሩ ላይ ይቀላቀላል። ስለዚህ ከጥቁር ወደ ነጭ ከመሄድ ከጥቁር ወደ ክሬም ድብልቅ መሄድ ይቀላል፤ የቀሩት ጥቁር ቅንጣቶች እዚያ ውስጥ አይታወቁም። ሬስ ካላችሁ የሚያድርበትን ጥግ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ያንንም ቀን ላይ፣ ከአሸዋው ወጥቶ ሲዋኝ ካያችሁት በኋላ ጀምሩ።